አሥራ ሁለት ጠጠር

ከዕረፍት ስንመለስ ዶርም ውስጥ የሚነሣው ጥያቄ መቼም አንድ ነው። «ምን አነበብክ? ምን አየህ? ምን ስትጫወት ከረምክ?» እንባባላለን። መልሱም አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሁላችንም ከባድ ከባድ መጽሐፍ አንብበን እንመጣለን፤ ቴሌቪዥን ግን ማንም አላየም! እኔም ለሦስት ዓመት እንደዚሁ ስመልስ ኖሬአለሁ። የ2016 ዓ.ም. የገና ዕረፍት ነገር ግን እንደ ወትሮው ተድበስብሶ የሚታለፍ አልሆነልኝም። ምክንያቱን ላጫውታችሁ።

ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ሞጆ ነው። ከዚህ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ወደ ደረቅ ወደቡ የሚመላለሱ ከባድ መኪናዎች ሌት ተቀን የሚያጓሩባት ከተማ ናት። አባታችንም ከነዚሁ መኪናዎች አንዱን የሚነዳ ሾፌር ነው፤ በዓሉ የደረሰው የጅቡቲ መንገድ ላይ ሳለ ነው። ስለዚህ ገናን ያሳለፍነው እናቴ፣ ታናሽ እህቴና እኔ፣ ሦስት ሆነን ነው።

በሻንጣዬ የያዝኩት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»። ከዕረፍት መልስ የማቀርበው ጽሑፍ ነበረብኝ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ስንቱ ተማሪ ጽፎበታል! እኔም የምለውን ሳላነበው ጨርሼዋለሁ፤ ባላባትና ገበሬ፣ አሮጌውና አዲሱ ዘመን፣ ጉዱ ካሳ የደራሲው አንደበት ነው፣ አለቀ። የቀረኝ ገጽ እየጠቀሱ ወረቀቱን መሙላት ነበር።

ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ! ቃና በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር የአገራችን የጥበብ ሰዎች ስንቱ እንደተቃወመው ታስታውሳላችሁ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ግን ከተቃዋሚዎቹ ጋር ተሰልፌአለሁ፤ ለዚያውም አንድ ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳላይ። እህቴ ግን ከሶፋው አትነሣም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ተፈትና ነበር፤ አላለፈችም። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው 3.2 ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም ሰምተናል። ዳሩ ግን ቁጥሩ አገር ሲሆን አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሩ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ሌላ ነው። ጎረቤት ሲመጣ ድምፅዋ ይቀንሳል። ውጭ አትወጣም።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። የገና ዕለት ጎረቤቶች ተሰብስበው እህቴ ቡና ታፈላለች። አንዲት ሴትዮ ለክፋት ሳይሆን እንዲያው ለወግ ያህል «ልጅትስ፣ አሁን ምን እያደረገች ነው?» ብላ ጠየቀች። እናቴ አፏን ሳትከፍት እኔ ፈጥኜ፣ «እሷማ ቴሌቪዥን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እህቴም አብራ ፈገግ አለች። ሁለተኛውን ቀድታ ስትጨርስ ግን ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ በረካውን የቀዳችው እናቴ ናት።

እንግዳው ሲበተን ተከትያት ገባሁ። «ምነው፣ ቀልድ እኮ ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰማሽም?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «እሱ የሚባለው እኮ ለጌታው ነው» አለች። «ሎሌው ሲመታው ጌታው እንዳይቆጣ። አንተ ገልብጠህ አመጣኸው።»

እኔ ነኝ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪው! እውነቷን ነው። ተረቱ የትንሹ መከለያ ነበር፤ እኔ ለትልቁ ዱላ አደረግሁት። መልስ አጣሁና ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ማታ መብራት ሄደ። ድራማው ቆመ፤ እናቴ «አይ እንግዲህ!» ብላ ሻማ ለኮሰች። ዝም ብለን ተቀመጥን። ስልክም ባትሪው ያልቃል። በመጨረሻ እህቴ ከአልጋ ሥር የአያታችንን ገበጣ ጎትታ አወጣች።

ገበጣ እንደየአገሩ ሕጉ ይለያያል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ በላይ ዓይነት መዝግበዋል። የኛ ቤት ሕግ እንዲህ ነው። በሁለት ረድፍ 6፣ 6 ጉድጓድ አለ፤ በእያንዳንዱ 4 ጠጠር፣ በጠቅላላው 48። ከራስህ ጉድጓድ አንዱን ሙልጭ አድርገህ ታነሣና አንድ አንድ እየጣልክ ትዞራለህ። የመጨረሻዋ ጠጠር ሌላ ጠጠር ካለበት ከገባች ያንን አንሥተህ ትቀጥላለህ። ባዶ ላይ ካረፈች ታቆማለህ፤ ባዶው የራስህ ከሆነ ግን ከፊት ለፊቱ ያለውን የተጋጣሚህን ጠጠር ትበላለህ።

እኔ እንደ ጀግና ፈጥኜ ፈጥኜ አነሣለሁ። እሷ አንዱን ጉድጓድ አትነካውም። እኔው ስዞር እየጣልኩበት፣ እሷም እየጨመረችበት ሞላ። «ምን ታከማቺያለሽ፣ ንግድ ጀመርሽ እንዴ?» አልኳት። መልስ የለም። እኔም ከፊት ለፊቱ 9 ጠጠር አጠራቅሜ ተማምኜ ተቀምጫለሁ። አንድ ጊዜ በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ ቆጠረችና ያን የሞላ ጉድጓድ አነሣችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ዙሪያውን ዞረች። የመጨረሻዋ ጠጠር የት ብታርፍ ጥሩ ነው? ከተነሣችበት ከዚያው ከባዶው ጉድጓድ! የኔም 9 በመንገዷ በጣለችው አንድ ተጨምሮ 10 ሆኖ ነበርና ጠራርጋ ወሰደችው።

«በአጋጣሚ ነው» አልኩ።

«ምን አጋጣሚ አለው? ጉድጓዱ 12፣ ጠጠሩ 12። ዞሮ ቤቱ ይገባል።»

«13 ቢሆንስ?»

«13 ከሆነማ ቤቱን አልፎ ሰው ያለበት ይገባል። ከዚያ ወዲያ ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? ለዚህ ነው 12 ስትሆን የማነሣት።»

ማን እንዳስተማራት ጠየቅኋት። «ማንም። ቆጥሬ ነዋ» አለች። በዚያ ሌሊት አራት ጊዜ ገጠምን፤ አራቱንም ተሸነፍኩ። ገበጣ ያሸነፈ ፈተና ማለፍ አለበት ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ብል እኔም ራሴን መሸንገል ነው። ዳሩ ግን ሒሳብ አይገባትም ተብላ ቤት የቀረች ልጅ፣ ሒሳብ ይገባዋል የተባለውን ወንድሟን በሻማ ብርሃን ሒሳብ አስተማረችው። ይህን ነው የማውቀው።

በማግስቱም መብራት አልመጣም። እናቴ «እስቲ ያን መጽሐፍህን ጮክ ብለህ አንብብልን» አለችኝ። ለካስ እናቴ መጽሐፉን ገልጣው ሳታውቅ ታውቀዋለች! ልጅ ሳለች በኢትዮጵያ ሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ሰምታለች። «ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ ሬዲዮ ካለበት ቤት ይሰበሰብ ነበር። እሱ አንድ ሰው ነው፤ ግን ፊታውራሪ መሸሻም ይሆናል፣ ጉዱ ካሳም ይሆናል። እኔ በጆሮዬ ነው ያነበብኩት» አለች። ጥቂት እንዳነበብኩ ጉሮሮዬ ደረቀ። እህቴ ተቀበለችኝ። ድምፅዋ የተለየ ሆነብኝ። ፊታውራሪን ስታነብ ደረቷን ነፋ ታደርጋለች፤ ጉዱ ካሳን ስታነብ ቶሎ ቶሎ ትላለች። ከየት አመጣችው? ከድራማው! በዚያ በምንቀው ድራማ የትኛው ድምፅ የማን እንደሆነ፣ አንዱ ተዋናይ በሁለት ሰው ስንት ጊዜ እንደገባ ለይታ ታውቃለች። «ይቺ ሐኪሟ እኮ ባለፈው የሞተችው ሴትዮ ናት፤ ድምፅዋን ስማ» ትል ነበር፤ እኔ ስስቅባት።

ከሁለት ቀን በኋላ መብራት መጣ፤ ድራማው ቀጠለ። በዚህ ጊዜ እኔም ተቀመጥኩ። የሀብታም ልጅ ድሀ ትወዳለች፤ አባትየው ይከለክላል፤ ይሸሻሉ። እህቴ ዞር ብላ፣ «ይኼ እኮ ያንተ መጽሐፍ ነው» አለችኝ። እኔም ልከራከር ብዬ አፌን ከፈትኩና ዝም አልኩ። ስንት ገጽ ልጽፍበት ያሰብኩት ታሪክና የምስቅበት ታሪክ አጥንታቸው አንድ ነው።

ሆኖም አስተያየቴን አልደብቅም፤ ሁለቱ እኩል ናቸው አልልም። ድራማው ሰውን አያሰናብትም። ያለቀሰችው ነገ ትስቃለች፤ የተለያዩት ሳምንት ይገናኛሉ፤ ነገሩ እንዳይቋጭ ተብሎ የተሠራ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ይቋጫሉ። በዛብህ ሲሞት ይሞታል፤ ሰብለ ወንጌልም ትመነኩሳለች። ይህን ለእህቴ ነገርኳት። «እሱስ ልክ ነህ» አለችና ጥቂት አስባ፣ «ግን ቤት ለተቀመጠ ሰው ነገ የሚቀጥል ነገር መኖሩ ቀላል ነው ብለህ ነው? እዚያ ውስጥ ማንም ስንት አመጣሽ አይለኝም» አለች።

ከዚያ ስለ መጽሐፉ የተናገረችውን ነው እስከ ዛሬ ያልረሳሁት። «ፊታውራሪ ልጃቸውን ጠልተው እኮ አይደለም። ሚዛን ይዘው ተቀመጡ። የመጣው ሁሉ ዘሩ እየተመዘነ ሲመለስ እሷ ቤት ቀረች። እኔንም ያስቀረኝ ሚዛን ነው፤ የኔ በነጥብ ነው እንጂ። በዛብህ ደግሞ አንተ ነህ።» «እንዴት?» አልኳት። «እሱ ልጅ ሳለ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት፤ ማን ጠየቀው? አንተንም እነ አባዬ ለትምህርት ተሳሉህ። የቤቱ ስለት ነህ። ለዚያ ነው መሳሳት የምትፈራው።»

እናቴ ሰምታ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

ለጥምቀት አብረን ታቦት ሸኘን፤ በማግስቱ ወደ ስድስት ኪሎ ተመለስኩ። መጽሐፉን እሷ ዘንድ ተውኩት፤ አልጨረሰችውም ነበርና። ጽሑፌን ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት ቅጂ ሠራሁ። የባላባትና የገበሬውን ነገር ትቼ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ሰው የሚመዘንበትን ሚዛንና በሌላ ሰው አፍ የተገባ ስለትን ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ መምህሬ በቀይ ብዕር ከጎኑ «ጥሩ አስተውሎት» ብሎበታል። ጥሩ ውጤትም አገኘሁ።

የማንን አስተውሎት? ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የኔ ብቻ ነው።

ስልክ ደውዬ ነገርኳት። «ስንት ሰጡህ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ታዲያ ግማሹ የኔ ነዋ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። በመጨረሻ «በግሌ ልፈተን ተመዝግቤአለሁ፤ ሒሳቡን ግን እንጃ» አለችና ስልኩን ለእናቴ ሰጠቻት።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ የዕረፍቴ ወግ ይኸው ነው። ምን አነበብክ ብትሉኝ፣ አንድ መጽሐፍ፤ እሱንም እኩሌታውን ሲነበብልኝ ሰምቼ ነው። ምን አየህ ብትሉኝ የቱርክ ድራማ አይቻለሁ፤ የሚስቅ ይሳቅ። ምን ተጫወትክ ለምትሉኝም ገበጣ ተጫውቼ አራት ለባዶ ተሸንፌአለሁ። በቀይ ብዕር የተመሰገነው አስተውሎት የእህቴ መሆኑን ወረቀቱ ላይ ስላልጻፍኩት እዚህ ጽፌዋለሁ። ይህ ቁጥር ታትሞ ሲወጣ አንዱን ቅጂ ሞጆ እልክላታለሁ።