በፋብሪካ ያለች አስታማሚ ልታክም ይገባታልን?

የሠራተኞችን ጤና ለመጠበቅ በፋብሪካ የተቀጠረች አስታማሚ፥ ዛሬ ነርስ የምትባለው፥ ቁስል ማጠብና ማሰር ይገባታልን? ወይስ ተግባሯ ሰው እንዳይቆስል አስቀድሞ መጠንቀቅ ብቻ ነውን? ይህ በሙያው ሰዎች መካከል የቆየ ክርክር ነው። አንደኛው ወገን፥ ለቁስለኛ ሐኪም ቤት አለለት፤ አስታማሚዋ ጣት ስታስር ከዋለች ጣቱን የሚቆርጠውን መጋዝ ማን ይመለከተዋል? ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፥ ደሙ እየፈሰሰ የመጣውን ሰው መዝገብ ብቻ ይዛ የምትቀበል ሴት፥ የአስታማሚነት ስሙ እንጂ ሥራው የላትም ይላል።

ሙያው ሲጀመር በእጅ ማከም እንደ ነበረበት የታወቀ ነው። በእንግሊዝ አገር በኖርዊች ከተማ ኮልማን የተባለው የሰናፍጭ ፋብሪካ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1878 ዓ.ም. ፊሊፓ ፍላወርዴይ የምትባል አስታማሚ ቀጠረ። እርስዋም ሐኪሙን ትረዳ፥ የታመሙትንም ሠራተኞች በየቤታቸው እየሄደች ትጠይቅ ነበር። በአሜሪካም በዚሁ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. የቬርሞንት የእብነ በረድ ኩባንያ የቀጠራት አዳ ስቱዋርት፥ በቢስክሌት ወደ ሠራተኞቹ ቤት ትመላለስ ነበር፤ በዚያ ኮረብታማ አገር ይህ ቀላል ድካም አይደለም። ወደ በሽተኛ ቤት የገባ ሰው ሳሉን ብቻ ሳይሆን እርጥቡን ግድግዳና ባዶውን ድስት ጭምር ያያልና፥ ማስታመምና መጠንቀቅ በእነዚህ ሴቶች እጅ ገና አልተለያዩም ነበር።

ከእነርሱም እጅግ አስቀድሞ ኢጣሊያዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ፥ በ1700 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሐኪም በሽተኛውን ከሚጠይቀው ሁሉ ጋር ሥራውን እንዲጠይቀው አስተማረ። ለዚህም ጥያቄ ቁስል ከሚታሰርበት ሰዓት የሚሻል ጊዜ አይገኝም። ሰው በአለቃው ፊት ተጠይቆ የማይናገረውን እጁ ሲታሰርለት ይናገራል፤ የመጋዙ መከለያ ተነቅሎ እንደ ነበረ፥ ቶሎ ጨርስ ተብሎ እንደ ቸኰለ፥ ባለፈው ሳምንትም ጓደኛው በዚያው ስፍራ እንደ ቆሰለ። ስለዚህ ማከሙ ከመጠንቀቅ አያግዳትም፤ ምን እንደምትጠነቀቅ የምታውቀው በዚሁ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ክርክር የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። በአሜሪካ መንግሥት ደንብ፥ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ከመጀመሪያ እርዳታ የሚያልፍ ሕክምና ከተደረገለት በአሠሪው መዝገብ ይጻፋል። ቁስሉ በክር ቢሰፋ ይጻፋል፤ በቀጭን ፕላስተር ተገጥሞ ቢታለፍና ሰውየው ወደ ሥራው ቢመለስ ግን አይጻፍም። እንግዲህ መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ እንዲታይለት የሚወድ አሠሪ ቢኖር፥ መሰፋት የሚገባው ቁስል በፕላስተር እንዲያልፍ አስታማሚዋን በዓይኑ ጥቅሻ ሊያስገድዳት ይችላል። በዚያን ጊዜ እጅዋ የሚያገለግለው ቁስለኛውን አይደለም፤ መዝገቡን ነው።

በ1985 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ያወጣው 161ኛው ስምምነት፥ የሥራ ቦታ የጤና አገልግሎት ዋና ተግባር መከላከል ነው ይላል፤ የመጀመሪያ እርዳታንና የድንገተኛ ሕክምናን ማደራጀትም ከተግባሮቹ ጋር ይቈጥራል። ተከራካሪዎቹ ብዙውን ጊዜ በእነዚህ ቃላት ላይ ይውላሉ። ያው ስምምነት ግን የጤና ሠራተኞቹ በሙያቸው ረገድ ከአሠሪውም ከሠራተኛውም ነጻ እንዲሆኑ ያዛል፤ ነገሩን የሚፈታው ይህ ነው። ደመወዟን ከአሠሪው እየተቀበለች፥ ይህ ቁስል ሐኪም ቤት ይሂድ፥ መጋዙም ይቁም ለማለት ሥልጣን ያላት አስታማሚ፥ ብታጥብም ብታስርም የሚጠረጥራት አይኖርም። ይህ ሥልጣን የሌላት ግን መዝገብ ብቻ ብትይዝም መዝገቡ አይታመንም።

ዓይኑ ውስጥ አሲድ የገባበት ሰው ውሃ የሚያስፈልገው በዚያው ደቂቃ ነውና፥ በዚህ ላይ መከራከር ከንቱ ነው። የደም ብዛትና የቆየ ሳል ያለበት ግን በደብዳቤ ወደ ራሱ ሐኪም ይላክ። ጣቱ የተቆረጠውንም ወደ ሐኪም ቤት ከሸኘችው በኋላ አስታማሚዋ ወደ ክፍልዋ ከመመለሷ በፊት ወደ መጋዙ ትሂድ፥ መከለያውም ወደ ስፍራው ተመልሶ እንደ ሆነ በዓይንዋ ትይ።