አብራሪው ከወረደ በኋላ

ስለ ኦጋዴን ጦርነት አብራሪዎች ስናወራ ወሬያችን ሁሉ ሰማይ ላይ ነው። ማን ስንት ሚግ ጣለ፣ ማን ቀድሞ ተኮሰ። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ የጣሏቸው አውሮፕላኖች አምስት ናቸው ስድስት እየተባለ ዛሬም ሰው ይከራከርበታል። ክርክሩን አልጠላውም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው፤ 11። በሶማሊያ እስር ቤት ያሳለፏቸው ዓመታት ናቸው።

ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ አየር ኃይላችን ክፉ ጊዜ ላይ ነበር። አሜሪካ የመሣሪያ እርዳታዋን አቋርጣለች፣ መለዋወጫ እንደልብ አይገኝም፣ አዲሶቹ ኤፍ 5 ኢ ጄቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ደብረ ዘይት ላይ አየር ኃይሉን መልሰው ካደራጁት አንዱ የሆኑት ስዊድናዊው ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን በዚያው ወር ጎዴ ላይ በጥቃቱ ተገደሉ። ከማዶ ያለው ሚግ 21 ደግሞ በፍጥነት ከኤፍ 5 ይበልጣል።

ታዲያ አብራሪዎቻችን እንዴት አሸነፉ? ካራማራ ተራራ ላይ የነበረው ራዳር የሚመጣውን አስቀድሞ ያሳያቸው ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ሥልጠናቸው ነው። የዚያን ጊዜ ሚሳይል ሙቀት ተከትሎ ስለሚሄድ አብራሪው ከጠላት ጭራ ኋላ መግባት አለበት። ለዚያ አጥብቆ መታጠፍ ያስፈልጋል። በዚያ መታጠፍ ውስጥ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ400 ኪሎ በላይ ይሆናል። ደም ከጭንቅላት ወደ እግር ይወርዳል፣ ዓይን ግራጫ እያየ ይጠባል፣ ሆድና ጭን ካልተወጠሩ ራስን መሳት ይመጣል። አብራሪው ይህን ሁሉ ችሎ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ ጠላቱን መፈለግ፣ በሬዲዮ ከጓደኛው ጋር መነጋገር፣ የነዳጁን መጠን ማየት አለበት። ደብረ ዘይትና አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት የደከሙት ለእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ነው።

ጄኔራል ለገሠን የጣላቸው ሚግ አልነበረም፣ ከምድር የተተኮሰ ነው። ነሐሴ 1969 ሊያልቅ ሲል ተመትተው ተማረኩ። ኢትዮጵያ ጦርነቱን በየካቲት 1970 ካራማራ ላይ አሸነፈች፣ እሳቸው ግን ታስረው ቀሩ። የተፈቱት የሁለቱ አገሮች መሪዎች መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ በ1980 ዓ.ም. ከተስማሙ በኋላ ነው። በዚያ መሐል ቀይ ሽብር መጥቶ ሄደ፣ የ77ቱ ረሃብ ደረሰ፣ በጦርነቱ ዓመት የተወለደ ሕፃን አምስተኛ ክፍል ገባ። በሰከንድ መወሰንን የተማረ ሰው፣ ምንም የሚወስነው ነገር በሌለበት ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አሳለፈ። እኔ ትልቁ ጀግንነት የምለው ይሄኛውን ነው። ሲመለሱ የአገሪቱ ትልቁ የጀግንነት ሜዳይ ተሰጣቸው። በኋላ አሜሪካ ኖረው እዚያው አረፉ።

እሳቸውስ ተመለሱ።

ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስም የዚያው ትውልድ ልጅ ናቸው፣ ኦጋዴን ላይ ኤፍ 5 ያበረሩ። በደርግ ዘመኑ የሰሜን ጦርነት በሻዕቢያ እጅ ወድቀው ለዓመታት ታሰሩ፣ ከዚያም ተፈቱ። በቃኝ ብሎ ቤት መቀመጥ ለእሳቸው የተገባ ነበር። እሳቸው ግን ወደ አውሮፕላናቸው ተመለሱ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌ ላይ የዓይደርን ትምህርት ቤት በደበደቡበት ሰሞን፣ አሥመራ ላይ ሚግ 23 ሲያበርሩ ተመትተው በፓራሹት ወረዱ። በሕይወት ተያዙ። ሁለተኛ ምርኮ።

የኢትዮጵያንና የኤርትራን ጦርነት ያበቃው የአልጀርሱ ስምምነት በታኅሣሥ 1993 ተፈረመ። እስከ 1995 ዓ.ም. የሁለቱም ወገን የጦር ምርኮኞች በቀይ መስቀል በኩል ወደየአገራቸው ተመለሱ። ኮሎኔሉ አልነበሩበትም። ሐምሌ 2010 ላይ ዕርቅ ወረደ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አሥመራ አረፈ፣ ለ20 ዓመት የተለያዩ ዘመዳሞች አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተቃቅፈው ሲላቀሱ ሁላችንም በቴሌቪዥን አየን። እኔም አብሬ አልቅሻለሁ። የኮሎኔሉ ነገር ግን ያኔም መልስ አላገኘም።

የጄኔቫ ስምምነት የማረከ መንግሥት ስለ ምርኮኛው እንዲናገር ያስገድዳል። ሁለቱ መንግሥታት ሲፋቀሩም ሲኳረፉም ይህ ግዴታ አይሰረዝም። የመንግሥት ባለሥልጣናት፣ ከአሥመራ ጋር በተነጋገራችሁ ቁጥር ስማቸውን አንሱ። የቀድሞ የአየር ኃይል አባላትም፣ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ያላችሁ፣ የምርኮውንና የእስሩን ዘመን ጉልበት ሳለ ተናገሩት፣ ልጆቻችሁ በስልካቸው ይቅረጹት። ኮሎኔል በዛብህ በሕይወት ካሉ ይመለሱ፤ ካረፉም መቼና የት እንደሆነ ለቤተሰባቸው ይነገር።