ጀልባዋን ወደ ቀኝ የሚጎትታት

ዛሬ የምናካፍላችሁ ስለ ጀልባ ነው። ዓለም ከተማን የምታውቁ ትስቁብን ይሆናል። መርሐቤቴ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች መካከል የተቀመጠ አገር ነው፤ ወንዝ ለእኛ የሚሻገሩት እንጂ የሚሄዱበት መንገድ አይደለም። ሆኖም ጌታ ያስተማረን በጀልባ ስለሆነ ሌላ ምሳሌ ልንፈልግ አልቻልንም።

እኛ ባልና ሚስት በዓለም ከተማ የመስኖ ውሃ ፓምፕና የወፍጮ ሞተር እየጠገንን እንኖራለን። ባል ይፈታል፣ ሚስት ብሎኑን በየጣሳው እየለየች ታስቀምጣለች፣ ሲገጠምም በተራው ታቀብላለች። ታላቅ ወንድማችን ደግሞ ባሕር ዳር ነው የሚኖረው። ሰው ወደ ዘጌ የሚያመላልስባት አንዲት ትንሽ ጀልባ አለችው፤ ከኋላዋ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተንጠልጥሎባታል። ነጂ ሲቸግረው አንድ የአገራችንን ልጅ እኛው ላክንለት። ልጁ ከእኛ ቤት ኅብረት የወጣ፣ ጸሎት የሚወድ፣ እጁም ሥራ የማይፈራ ነበር። እናቱ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ምእመን አይደሉም፤ ቢሆንም እኛን አምነው «በእናንተ ነው የምልከው» ብለው ሰጡን።

ለገና ሄደን ስንጠይቃቸው ሞተሩ ይግል ነበርና ነካክተን አስተካከልነው። ጋሼ በጣም ደስ አለው፤ በግ አረደልን። እኛም ደስ ብሎን ተመለስን።

ብዙም ሳይቆይ ስልክ መደወል ተጀመረ። ጀልባዋ ቀጥ ብላ አትሄድም፣ ወደ ቀኝ ታጋድላለች፣ ተሳፋሪ ይፈራል። አንድ ቀን ወደብ ስትገባ ከሌላ ጀልባ ጋር ልትጋጭ ለጥቂት ተረፈች። ጋሼ «ልጁ ነው! ስልኩን እያየ ነው የሚነዳው» አለን። ለልጁ ደወልን። «እጀታውን ትንሽ ካላላሁት ወደ ቀኝ ትጎትተኛለች፤ ማታ ማታ ክንዴን ያመኛል» አለ። እኛ ምን አልን? «ሰበብ አታብዛ፤ በታመንክበት ታማኝ ሁን» አልነው። ቃሉ መንፈሳዊ ይመስላል፤ ሲነገር ግን ጥፊ ነበር።

በዚህም አላበቃንም። ረቡዕ ማታ በቤት ኅብረት የጸሎት ርዕስ ሲሰበሰብ ስሙን ጠርተን «ጠላት ሊያዘናጋው ነውና አስቡት» አልን። ወገኖች፣ በእኛ በአማኞች ዘንድ ሐሜት ካባ ደርቦ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። «ልጁ ሥራውን እየበደለ ነው» ብንል ኖሮ አንድ ሰው «አይታችኋል ወይ?» ብሎ ይጠይቀን ነበር። የጸሎት ርዕስን ግን ማን ይጠይቃል? ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ «አሜን» አለ። ገበያ ቀን እናቱን ስናገኛቸውም «እትዬ፣ ለልጅዎ ይጸልዩ» አልናቸው። ፊታቸው ሲለወጥ አየን፤ እያየን አለፍን።

ጋሼ ልጁን አሰናበተው። ሌላ ነጂ ቀጠረ። በሦስተኛው ሳምንት ደወለና «ይቺ ጀልባ ምን ሰፈረባት? ይኸኛውም ወደ ቀኝ ትጎትታለች ይለኛል» አለ።

ያን ጊዜ ልባችን ደነገጠ። መሣሪያችንን በከረጢት ይዘን ተነሣን። ጀማን ወርደን ወጣን፣ በለሚ አድርገን ሙከጡሪ፣ ከዚያ ፍቼ፣ ጎሐ ጽዮን፣ የዓባይ በረሃ። የዓባይ ድልድይ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ የምናስበውን አሰብን፦ የጀማ ውሃ ዞሮ ዞሮ የሚገባው ዓባይ ነው፤ ጣናም የሚለቀው ለዓባይ ነው። እኛ ጀልባ አናውቅም ብንልም ውሃው ዘመዳሞች ነው።

በማግስቱ ማለዳ ሐይቁ ዳር ተገኘን። ጣና ጠዋት ጠዋት ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበል አለው፣ ስለዚህ እንዲህ ያለ ፍተሻ በጠዋት ነው የሚሻለው። ብልሽት ሲፈለግ ከቀላሉ መጀመር ጥሩ ነውና መጀመሪያ ጭነቱን አየን። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ከተቀመጠ ጀልባ ታጋድላለች። ተሳፋሪ ሳይኖር ሄድን፤ አሁንም ወደ ቀኝ። ሞተሩ በጀልባዋ መሐል መሆኑን፣ ማሰሪያዎቹም መጥበቃቸውን አየን፤ ደህና ነው። ፕሮፔለሩን በእጃችን እያዞርን ክንፎቹን ዳሰስን፤ የተጣመመ የለም፣ የተጠመጠመበት የዓሣ መረብም የለም። ሞተሩ የተንጋለለበትን ማዕዘን አስተያየን፤ እሱም እንደነበረ ነው።

የቀረችው ከፕሮፔለሩ በላይ ካለው ሰሌዳ ሥር የምትንጠለጠለው ትንሽ ክንፍ ናት። ትሪም ታብ ይሏታል። ከመዳፍ ታንሳለች፣ በአንዲት ብሎን ብቻ ትያዛለች። ፕሮፔለሩ በአንድ አቅጣጫ ስለሚሽከረከር መሪውን ወደ አንድ ጎን የመሳብ ጠባይ አለው፤ የዚህ ዓይነቱ ሞተር ወደ ቀኝ ይስባል። ትንሿ ክንፍ ይህን እንድትመልስ ነው የተሠራችው። ጭራዋ ወደ ቀኝ ትንሽ ዞር ካለ የሚያልፈው ውሃ ሞተሩን መልሶ ይገፋውና ነጂው በአንድ እጁ ዘና ብሎ ይነዳል። ጭራዋ ወደ ግራ ከዞረ ግን ልትመልሰው በተሠራችው ጉተታ ላይ ሌላ ጉተታ ትጨምራለች።

ጎንበስ ብለን አየናት። ጭራዋ ወደ ግራ ዞሯል።

ከዚያ ቀለሟን አየን፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ቀለሙ ብሎኗንም ሸፍኖ አልተሰነጠቀም። ይህ ማለት ቀለሙ ከተቀባ ጀምሮ ብሎኗን የፈታት ሰው የለም። ቀለሙን ደግሞ የቀባነው እኛ ነን። ለገና መጥተን ሞተሩ ሲግል ያገኘነው ከታች ውሃ የሚገፋው የጎማ ኢምፔለር ስላለቀ ነበር። እሱን ለመቀየር የሞተሩ የታችኛው ክፍል ይወርዳል፤ ያንን ለማውረድ ደግሞ አንዱ ብሎን ያለው ከትንሿ ክንፍ በላይ ስለሆነ መጀመሪያ እሷ ትፈታለች። ስትፈታ ቦታዋን በምልክት መያዝ ያስፈልጋል። እኛ አልያዝንም። ስንመልሳት በዓይን ገምተን አጠበቅናት፣ ከዚያም «ታምር» ብለን ቀለም ቀባናት። መቀባቷም ራሱ ስህተት ነው፤ ክንፏ ሞተሩን ከዝገት የምትጠብቅ ሆና የተሠራች ናት፣ ቀለም ከሸፈናት አትጠብቅም። ሁለት ጥፋት፣ አንዱ በሌላው ላይ፣ ሁለቱም የእኛ።

ጥገናው ራሱ ከግማሽ ቀን አላለፈም። ቀለሙን ፋቅን፣ የነበረችበትን በሞረድ ጫፍ ጫር አድርገን ምልክት ያዝን፣ ብሎኗን አላልተን ጭራዋን ወደ ቀኝ ትንሽ አዞርን፣ አጠበቅን። በረጋው ውሃ ላይ በተለመደው ፍጥነት ሄደን እጀታውን በጥንቃቄ ላላ አደረግን፤ አሁንም ትጎትታለች፣ ግን ቀንሷል። ተመለስን፣ ጥቂት ጨመርን። በሦስተኛው ቀጥ ብላ ሄደች። አንድ ታንኳ ላይ ያለ ዓሣ አጥማጅ ደንገሉን እየቀዘፈ አልፎን ሄደ፤ እኛን ሲያይ ሳቀ። ምን እንዳሳቀው አናውቅም።

ጋሼ ከዳር ቆሞ «ምን ሆና ኖሯል?» ብሎ ጮኸ።

እዚህ ላይ ነው ጌታ የያዘን። «ብሎን ላልቶ ነው» ብንለው ያምነን ነበር፤ ማንም አያውቅብንም። ሁለታችንም ያንኑ እንዳሰብን በኋላ ስንነጋገር ተማመንን። ነገር ግን የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 3 በቤት ኅብረት ያስተማርነው እኛው ነበርን። ታላቁ መርከብ በትንሽ መሪ እንደሚዞር የተጻፈው እዚያ ነው፤ ስለ መርከብ ብሎም አይደለም፣ ስለ አንደበት ነው። ስናስተምር ስለ ሌሎች ሰዎች አንደበት ነበር ያሰብነው። በዚያ ላይ መጪው እሑድ የጌታ እራት ነበር።

ነገርነው። ጋሼ ለብዙ ጊዜ ዝም አለ፣ ከዚያ «ልጁን እኮ አባረርኩት!» አለ። ተቆጣን፤ እውነቱን ነው።

ልጁን ያገኘነው ዓሣ በሚገለፍበት ቦታ ነው፤ እጁ እስከ ክርኑ ቅርፊት ነበር። ቆመን፣ ሳናሳጥር፣ ክንፏን ማን እንዳጣመማት ነገርነው። «ይቅር በለን» አልነው። ቢላዋውን አስቀመጠና «ስነግራችሁ ነበር» አለ። ሌላ ነገር ለጊዜው አላለም። ጋሼ ወደ ሥራው እንዲመለስ ለመነው፤ እሱ ግን አመስግኖ እምቢ አለ። ስንለያይ እጁን ታጥቦ መጣና አቀፈን። «እኔስ ይቅር ብያችኋለሁ፤ ለእናቴ ግን ማን ይነግራታል?» አለን።

ስለዚህ ወደ ዓለም ከተማ ስንመለስ ገና ሥራ ነበረብን። ረቡዕ ማታ በቤት ኅብረት የጸሎት ርዕስ ሲጠየቅ እጃችንን አውጥተን ያንን የቀድሞውን ርዕስ መልሰን ወሰድነው፤ ስሙን በጠራንበት አፍ የራሳችንን ስም ጠራን። ከባድ ነበር። አንዲት እኅት አለቀሰች፣ አንድ ወንድም ደግሞ ከዚያ በኋላ የወፍጮ ሞተሩን ለሌላ ሰው አሳየ፤ አልፈረድንበትም።

ወደ እናትየው ቤት የሄድነው በማግስቱ ነው። ደጅ ላይ ቆመን «እትዬ፣ ስለ ልጅዎ የነገርንዎ ሐሰት ነበር። ያበላሸነው እኛ ነን» አልን። ግቡም አላሉን፣ ሂዱም አላሉን። በሩን እንደ ይዙ ቆዩ፣ ከዚያ «ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኩን አላነሣሁለትም» አሉ። የያዝነውን ስልክ አውጥተን ቁጥሩን ደወልን፤ ሰጠናቸው። ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡ። እኛ ከደጅ መደብ ላይ ተቀመጥን፤ ንግግራቸው አይሰማም፣ ቆይቶ የሚቆላ ቡና ሽታ መጣ።