በናቫሆ ሀገር፦ ስኳር በሽታና የሐኪም አነጋገር

የናቫሆ ሕዝብ ግዛት ከ70 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አሪዞናን፣ ኒው ሜክሲኮንና ዩታን ይነካል። የምግብ መደብር ግን በጣት የሚቆጠር ስለሆነ ብዙ ሰው ለአስቤዛ ጋለፕ ከተማ ድረስ ይነዳል። በቅዳሜው ገበያ አንዲት ሴት ሊጡን በመዳፎቿ እያገላበጠች አሳስታ የጋለ ዘይት ውስጥ ትለቀዋለች። ተነፍቶ ሲወጣ ጨው ወይም ማር ታክልበታለች። ፍራይ ብሬድ ይሉታል። ይጣፍጣል፤ ታሪኩ ግን መራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 የአሜሪካ ጦር ሕዝቡን ከቀዬው ነቅሎ በእግሩ ወደ ፎርት ሰምነር ነዳው። በቆሎውና በጉ የወደመበት ሕዝብ በዱቄት፣ በስብና በስኳር ራሽን ኖረ። በ1868 በውል ወደ ሀገሩ ሲመለስ ይህ አበላልም አብሮት ገባ።

ዛሬ ያነጋገርኩት ሰው ሁሉ ስኳር ያለበት ዘመድ አላጣም። የናቫሆ መንግሥት በ2014 ባወጣው ሕግ በለስላሳ መጠጥና በቺፕስ ላይ የ2 በመቶ ግብር ጥሏል። በሐኪምና በታማሚ መካከል ያለው ችግር ግን በግብር አይፈታም።

ቺንሊ አካባቢ አንዲት የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ፣ ባለቤቶቹን አስፈቅዳ፣ ወደ አንዲት አሮጊት ቤት ይዛኝ ሄደች። ገብታ ስለ ስኳራቸው አልጠየቀችም። እጃቸውን ለስለስ አድርጋ ጨብጣ «ሺማሳኒ»፣ አያቴ፣ አለቻቸው፤ የእናቷን ጎሳ፣ ቀጥላም የአባቷን ጠራች። እኔም ተጠየቅሁ፤ የእናቴን ሀገር ስናገር ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዝም ተባለ፤ ማንም አልቸኮለም። ቆይታ፣ ይህ ሕመም ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ማታ ማታ እግራቸውን እንደሚያዩ፣ ቁስል ሲያገኙ ቶሎ ክሊኒክ ሄደው እንደሚድኑ አወራች። አሮጊቷ ካልሲያቸውን አወለቁ። እሷም ጎንበስ ብላ በጣቶቻቸው መሃል አየች።

በኋላ መኪና ውስጥ እንደነገረችኝ፣ አንድ ሐኪም «መርፌውን ካልወሰዱ ኩላሊትዎ ይሞታል፣ እግርዎ ይቆረጣል» ብሏቸው ለወራት ከክሊኒክ ቀርተው ነበር። ለሐኪሙ ይህ ግልጽነት ነው፤ ለእሳቸው ሟርት። ባህላቸውን በሚጠብቁ ናቫሆዎች ዘንድ ክፉ ነገር ከተነገረ ይደርሳል። ጆሴፍ ካሬሴና ሎርና ሮድስ በ1995 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ይመሰክራል። አደጋው አይደበቅም፤ በሌላ ሰው ታሪክ ይነገራል፤ ታማሚውም ለራሱ የሚሆነውን ይወስዳል።

እንዲህ ያሉ ሠራተኞችን የሚያሰማራው ፕሮግራም በ1968 የተጀመረ ሲሆን ሠራተኞቹ የዚያው ሕዝብ ልጆች ናቸው። ቤት ድረስ ስለሚሄዱ በምርመራ ክፍል የማይታየውን ያያሉ። መብራት የሌለው ቤት ብዙ ነው፤ ኢንሱሊኑ የት እንደሚቀመጥ ሳይጠይቁ ማዘዝ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው።

ከአንባቢዎቼ አሜሪካ ውስጥ በነርስነትና በሐኪምነት የምትሠሩ ብዙዎች ናችሁ። ሥራ ወደ ናቫሆ ሀገር ከወሰዳችሁ ከምርመራው ውጤት በፊት የማን ልጅ እንደሆናችሁ ንገሯቸው፤ የእነሱንም ጠይቁ። የጤና ሠራተኛዋንም አጠገባችሁ አስቀምጡ። ማስፈራራቱን ተዉት፤ የፈራ ታማሚ አይመለስም።