ዘንዶ የሆነ ሰው ልብ

ሕግ ምንጊዜም የሚወጣው ተንኮለኛ ከቀደመ በኋላ ነው። ይህን ያስተማረኝ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ላላየው፦ ወዳጅ ከወዳጅ ዳይስ፣ እርሳስና ወረቀት ይዞ ይቀመጣል፤ አንዱ መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፣ ሌላው ተዋጊ፣ ሌባ ወይም ድግምተኛ ሆኖ ይገባበታል። ከድግምቶቹ ሁሉ ሰው የሚያጣላው ፖሊሞርፍ፣ መልክ ለዋጩ ነው።

የጠቡ ሥር ሩቅ ነው። አሜሪካውያኑ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ጨዋታውን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት በአሻንጉሊት ወታደር ጦር ሲያዋጉ ኖረው ነው። የአሻንጉሊት ወታደር ስንት ይራመዳል፣ ስንት ይመታል ይባላል እንጂ ምን ያስባል ብሎ የሚጠይቅለት የለም። ስለዚህ ሁለት ድግምት በጥቂት መስመር ጽፈው አለፉ። ራሱን የለወጠ ድግምተኛ ዘንዶ ቢመስል ይበራል እንጂ እንደ ዘንዶ አይዋጋም፣ እሳትም አይተፋም። ሌላውን ከለወጠ ግን ያ ሌላው የዘንዶውን ኃይል ሁሉ ያገኛል፤ ሐሳቡ ግን የግድ የዘንዶ አይሆንም። ትሮል የተባለው ግዙፍ ፍጡር ቀንድ አውጣ ቢሆን ደግሞ ተራ ሰው ረግጦ በቀላሉ አይጨፈልቀውም። ስንት ኪሎ የሚመዝን ሰው እንደሚያስፈልግ አልተጻፈም።

ብልጥ ተጫዋች ይህን አንብቦ ምን እንደሚል ግልጽ ነው፦ ራሴን የውሸት ዘንዶ ከማደርግ ጓደኛዬን የእውነት ዘንዶ ባደርገውስ? በ1978 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ መልስ ይዞ መጣ፤ ሌላ ሰው የለወጠው በድንጋጤ ሊሞት ይችላል፤ ቢተርፍም ውሎ አድሮ ልቡ የአውሬ ልብ ሊሆን ይችላል።

በ2014ቱ እትም ዘንዶው ራሱ ቀረ። ድግምቱ ወደ እንስሳ ብቻ፣ ያውም ከሚለወጠው ሰው ደረጃ ወደማይበልጥ እንስሳ ሆነ። ዳይኖሰር ግን እዚያ መጽሐፍ ውስጥ እንስሳ ነው። ስምንተኛ ደረጃ የደረሰ ቀጫጫ ሌባ 136 የሕይወት ነጥብ ያለው ቲራኖሳውረስ ሆኖ ይነሣል፤ ነጥቡ ሲያልቅ ወደ ገዛ ገላው ይመለሳል፣ የተረፈው ጉዳት ብቻ ይነካዋል።

የልቡ ነገር ግን አልተፈታም። የማሰብ ችሎታው የእንስሳው ይሆናል፣ ጠባዩ ግን የራሱ እንደሆነ ይቆያል ይላል ሕጉ። የቲራኖሳውረስ የማሰብ ነጥብ 2 ነው። አንድ ማታ ዳይኖሰር የሆነ ወዳጄ ከጠላት ሁሉ መርጦ ድግምተኛውን ሊበላ ተነሣ።

«በ2 ነጥብ አእምሮ ድግምተኛውን ከዘበኛው እንዴት ለየኸው?» አለው መሪያችን።

«ጠባዬ የራሴ ነው ተብሏል፤ እኔ ደግሞ ድሮም ድግምተኛ አልወድም!»

ጨዋታው ቀርቶ ትርጓሜ ሆነ። እንደ መጻሕፍት ጉባኤ «አንድም» እየተባለ አንዲት ዐረፍተ ነገር ስትገለባበጥ አመሸች፤ ዳይኖሰሩ አፉን እንደከፈተ፣ ድግምተኛውም በሕይወት እንዳለ።

የ2024ቱ እትም የእንስሳውን ነጥብ ጊዜያዊ አድርጎታል፤ የልቡን ነገር ግን እንዳለ ትቶታል። እኔ ቢተወው ደግ አደረገ ባይ ነኝ። ጉዳት በቁጥር ይታረማል፤ አንድ ሰው አውሬ ሲሆን ምን ያህሉ እንደሚቀር ግን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡት ይፍረዱ። መሪ ለምትሆኑ ሁሉ አንድ አደራ አለኝ፦ ዳይሱ ከመወርወሩ በፊት ወስኑ። ከተወረወረ በኋላ ሁሉም ጠበቃ ነው።