የጣና ዳር ደንገል

ዛሬ ወደ ጣና ዳር እንሂድ።

ጣና በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታላቁ የዓባይ ወንዝ የሚነሣው ከዚሁ ሐይቅ ነው። በደቡብ በኩል፣ በዳርቻው ላይ፣ የባሕር ዳር ከተማ ትገኛለች። ያገሩ ሰው ሐይቁን «ባሕር» ይለዋል። ስለዚህ የከተማዋ ስም ራሱ ቦታዋን ይናገራል።

ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ውኃው ጸጥ ይላል። ከሩቅ ሲታይ ሰው በውኃው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ቀረብ ሲል ግን ከሥሩ ቀጭን ጀልባ አለ። ጀልባው ታንኳ ነው። ከእንጨት አልተሠራም። ከብረትም አልተሠራም። የተሠራው ከደንገል ነው።

ደንገል ከውኃው ዳር፣ በረግረጉ ውስጥ ይበቅላል። ቁመቱ የሰው ቁመት ሁለት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። አገዳው ክብ አይደለም፤ ሦስት ማዕዘን ነው። አናቱ ላይ እንደ ጃንጥላ የተበተነ ለምለም ጸጉር አለው። አገዳው ሲሰነጠቅ ውስጡ ነጭና ለስላሳ ነው፤ አየርም ይዟል። ደንገል የሚንሳፈፈው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ደንገል በእጅ ይሰበራል። ብዙው አንድ ላይ ሲታሰር ግን ሰውን ከነጭነቱ ይሸከማል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት ይኸው ነው።

በዳርቻው አንድ አዛውንት ተቀምጠው ደንገል ሲያስሩ አገኘናቸው። ከፊታቸው አንድ ክንድ የማትሞላ ትንሽ ታንኳ ነበረች።

«እንደምን አደሩ አባባ? በዚህች ታንኳ ማን ይሳፈራል?» አልናቸው።

አዛውንቱ ሳቁ። «በዚህችማ ድመትም አትሳፈር። ይህች ለግድግዳ ናት። ትልቁ ታንኳ ለውኃ፣ ትንሹ ለቤት ነው ልጄ» አሉን።

ወዲያው ፊታቸው ጠቆር አለ። «ድሮ ባለ እጅ ይናቅ ነበር። ሰዉ በእኛ ታንኳ ይሻገር ነበር፤ ከእኛ ጋር ግን ማዕድ አይቀርብም ነበር። ዛሬ ልጆቼ ይህን ሥራ ሲማሩ አንገታቸውን እንዳይደፉ እፈልጋለሁ» አሉ።

እውነታቸውን ነው። በጣና ዳር የሚኖሩት የወይጦ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በታንኳ ሥራ የታወቁ ናቸው። ሙያቸው ግን ለብዙ ዘመን ተንቆ ኖሯል። ዳሩ ግን ሙያው የሚናቅ አልነበረም። ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው ነበር። በደንገል ጀልባ ትልቁን የአትላንቲክ ውቅያኖስ ለመሻገር ፈለገ። ደንገሉን ከጣና አስመጣ። በ1961 ዓ.ም. የሠራው ጀልባ ዳር ሳይደርስ ተበላሸ። እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1962 ዓ.ም. በሁለተኛ የደንገል ጀልባ ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ የምትባል ደሴት ደረሰ። እንግዲህ የባለ እጁ ዕውቀት ውቅያኖስ ያሻግራል ማለት ነው።

አሁን ትንሿን ታንኳ እንሥራ። አዛውንቱ ያሳዩን እንዲህ ነው።

አንደኛ፦ የበሰለ ደንገል ይታጨዳል። ከዚያም አረንጓዴው መልኩ እስኪጠፋ ድረስ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

ሁለተኛ፦ ከማሰራችሁ በፊት ውኃ እርጩበት። ደረቁን ካጠፋችሁት ይሰበራል።

ሦስተኛ፦ ሦስት እስር አዘጋጁ። ርዝመታቸው አንድ ክንድ ይሁን። አንዱ ወፈር ይበል፤ ሁለቱ ቀጠን ይበሉ። በየአራት ጣቱ በልጥ ወይም በገመድ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ።

አራተኛ፦ ወፍራሙን መካከል አድርጉ። ቀጫጭኖቹን በግራና በቀኝ አስጠግታችሁ ሦስቱን አንድ ላይ እሰሩ።

አምስተኛ፦ የፊተኛውን ጫፍ ወደ ላይ ቀልብሱ። ጫፉን በገመድ ከመካከሉ ጋር ወጥራችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት። ሲደርቅ ገመዱን ፍቱት፤ እንደ ተቀለበሰ ይቀራል። የኋላውን ጫፍ እኩል አድርጋችሁ ቁረጡት።

ታንኳዋ ግድግዳ ላይ ስትሰቀል ቤቱን ታሳምራለች። ማንኪያና መርፌም ትይዛለች። ከሥሯ ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት በክር ሰክታችሁ ብታንጠለጥሉ ደግሞ ንፋስ ሲነካት ትንሽ ድምፅ ትሰጣለች። በአገራችሁ ደንገል ከሌለ በሰንበሌጥ ሞክሩ። ውኃ ላይ ለመሄድ ሳይሆን ለጌጥ ስለሆነ ይሆናል።

ቅርፊት ስትለቅሙ ግን ተጠንቀቁ! የደረቀውንና ባዶውን ብቻ ከደረቅ መሬት ላይ ልቀሙ። ልጆች ሕያው ቀንድ አውጣ ፍለጋ ጥልቅ ወዳልሆነው ውኃ እንዳይገቡ ከልክሉ። በጣና ዳር ቢልሃርዝያ የሚባል በሽታ አለ። የበሽታው ትል በውኃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ያድጋል። ከዚያ ወደ ውኃው ይወጣና በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። ሆድ ቁርጠት ወይም ደም የተቀላቀለበት ሰገራ ያየ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በሽታው መድኃኒት አለው። ከሁሉም በላይ ግን ማንም ሰው በውኃ ዳር አይጸዳዳ። የትሉ እንቁላል ወደ ውኃው የሚገባው ከዚያ ነው።

ልንሰናበት ስንል አዛውንቱን አንድ ነገር ጠየቅናቸው። «ይህን ሁሉ እያጨዳችሁ ደንገሉ አያልቅም?»

«በማጨድ አያልቅም። ሥሩ ካልተነካ መልሶ ይበቅላል። የሚያልቀው ሲነቀል፣ ሲቃጠልና ረግረጉ ሲታረስ ነው። እኔ የበሰለውን አጭዳለሁ፤ ለጋውን እተወዋለሁ። ለጋው የልጆቼ ነው» ብለው መለሱልን።

ዳርቻው ሌላም ጠላት መጥቶበታል። እሱም እምቦጭ ነው። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው። በጣና ላይ በጉልህ የታየው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። አበባው ወይን ጠጅ መልክ አለው፤ ሲያዩት ያምራል። ግን ውኃውን ይሸፍናል። ታንኳ አያሳልፍም። ዓሣ አጥማጁን ያስቸግራል። ውበቱን አይቶ «ለቤቴ ጌጥ ይሁነኝ» ብሎ ወደ ሌላ ኩሬ የሚወስደው ሰው አገር ይጎዳል። ያማረ ሁሉ ጌጥ አይደለም።

ደንገልስ? ደንገል ለዓሣው መጠለያ፣ ለወፉ ጎጆ ነው። ጎርፍ የሚያመጣውን አፈር ይይዛል። ለሰው ደግሞ ታንኳ፣ ምንጣፍና ጌጥ ይሆናል። ዳርቻው ባዶ ከሆነ ቤታችን የምንሰቅለው ነገር የለም።

ትንሿን ታንኳ ገዝተን ይዘናት መጣን። አሁን ግድግዳችን ላይ ተሰቅላለች። ባየናት ቁጥር አዛውንቱ ትዝ ይሉናል። «ለጋው የልጆቼ ነው» ያሉትም ትዝ ይለናል። እናንተም ከወንዛችሁና ከሐይቃችሁ ዳር ስታጭዱ ለጋውን ተዉለት።

እስኪ እንመልስ፦
1. ደንገል በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ለምንድን ነው?
2. ከማሰራችን በፊት በደንገሉ ላይ ውኃ የምንረጨው ለምንድን ነው?
3. በእናንተ ቀበሌ ከሣር ምን ምን ይሠራል? የሦስቱን ስም ጻፉ።