የመጀመሪያው ስሕተት

ሙያዬ ጥገና ነው። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ዲቪዲ ማጫወቻና የልጆች መጫወቻ ማሽን ስፈታና ስገጥም ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ካቻቢቴ ያልገባበትን ዕቃ አላምንም። ሰው ሁሉ የየራሱ እምነት አለው፤ የእኔ ይኸው ነው።

ፈትቼ ከገጠምኳቸው ሁሉ ግን አንዷ አሸነፈችኝ። ፒኤስፒ ትባላለች፤ ሶኒ በ2004 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያወጣት፣ በእጅ የምትያዝ የጨዋታ ማሽን ናት። እኅታችን ከዱባይ ስትመለስ ለታናሽ ወንድሜ ያመጣችለት ነበረች። እሱም አሜሪካ ሲሄድ «ጋሼ፣ አደራ» ብሎ ለእኔ ትቷት ሄደ። ዲስክ የሚያነበው ዓይኗ ገና እሱ እያለ ደክሞ ስለነበር፣ የእግር ኳስ ዲስኩን ግልባጭ ሚሞሪዋ ላይ አስቀምጦ ነበር የሚጫወተው። እሱ ከሄደ በኋላ ባትሪዋ አበጠ፤ ቀጥሎ ቦርዷ ሞተ። አደራ በልቼ ቁጭ አልኩ።

የበላሁት አደራ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ከወንድሜ ጋር ሁለት ዓመት ያህል አልተነጋገርንም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አባታችን ያረፈ ጊዜ እሱ አልመጣም። ለቀብርና ለተዝካር የሚሆን ገንዘብ ላከ። እኔም በሐዘን ላይ ነበርኩና ስልክ ሲደውል «አንተማ አባትህን በዶላር ቀበርከው!» አልኩት። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ እንቁጣጣሽ ሲያልፍ አልደወለም፤ ገና ሲያልፍ እኔም አልደወልኩም። በዓል ባለፈ ቁጥር በቂም ላይ ቂም ተደረበ።

ባለፈው ክረምት የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጄ የዕቃ ሣጥኔን ሲበረብር ፒኤስፒዋን አገኛት። «አባዬ፣ የዚች ጨዋታ እኮ ስልክ ላይ ይሠራል» አለና ፒፒኤስኤስፒፒ የሚባል ፕሮግራም አውርዶ አሳየኝ። ኢሙሌተር ነው፤ አንድን ማሽን መስሎ የሚሠራ ፕሮግራም። ሄንሪክ ሪድጎርድ የተባለ ስዊድናዊ በ2012 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አወጣው፤ ከዚያ ወዲህ ከየአገሩ ብዙ ሰዎች እጃቸውን አስገብተውበታል። ጆሮዬን ያቆመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ምንጭ ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ ራሱ፣ ለማንም ክፍት ነው። ተሠርቶ ያለቀውን ማውረድማ ክዳኑ ተከፍቶ የማያውቅ ዕቃ መግዛት ነው። «እኛ ከጽሑፉ እንሠራዋለን» አልኩት።

ሥራ ከመጀመሬ በፊት ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። የፒኤስፒ ፕሮሰሰር የሚሰማው የሚፕስን ቋንቋ ነው። የእኔ አሮጌ ላፕቶፕ የኢንቴልን ይሰማል፤ የልጄ ስልክ ደግሞ የአርምን። ሦስቱ አይግባቡም። ኢሙሌተሩ መሐል ቆሞ አስተርጓሚ ይሆናል፤ ጨዋታው እየሄደ ሳለ የሚፕሱን ትእዛዝ ተቀብሎ በተቀመጠበት ማሽን ቋንቋ ይመልሳል። አንዴ የተረጎመውንም ስለሚያስቀምጥ፣ ያው ትእዛዝ ሲደገም እንደ አዲስ አይደክምም። ጨዋታው የሚያየው የለመደውን ማሽን ነው፤ አገር መቀየሩን አያውቅም። የኢሙሌተሩም ጽሑፍ አንድ ሲሆን በሊኑክስ፣ በዊንዶውስ፣ በማክም ሆነ በአንድሮይድ ላይ ይገነባል።

ቅዳሜ ጧት ጀመርን። ሲሜክ የሚባለው መሣሪያ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ማሽኑን ይቃኝና የጎደለ ካለ ይናገራል። ተናገረ፤ ኤስዲኤል የለም። መስኮቱን፣ ድምፁንና የጨዋታ ቁልፎቹን ከየማሽኑ ጋር የሚያገናኝ ላይብረሪ ነው። ጫንነው። እንደገና ስናስነሳው ስክሪኑ በስሕተት ተሞላ። እኔ እንደ ልማዴ ከዓይኔ ፊት ያለውን፣ የመጨረሻውን ያዝኩ። እሱን ሳስተካክል ሌላ፣ ሌላውን ሳስተካክል ሌላ እያለ ቅዳሜ አለቀ። ማታ ላይ ልጄ «አባዬ፣ ለምን ወደ ላይ አትወጣም?» አለኝ። ወጣሁ። የመጀመሪያው መልእክት አንድ ማኅደር ባዶ ነው ይላል። ለካ ፕሮግራሙ ሌሎች ሰዎች በየፊናቸው የሠሯቸውን ክፍሎችም ይጠቀማል፤ እነሱም አብረው እንዲመጡ ስናወርድ መናገር ነበረብን። አንዲት መስመር ትእዛዝ ጻፍን፤ መጡ። ያ ሁሉ የስሕተት ሠራዊት የዚያ የአንዱ ልጅ ነበር!

እሑድ ግንባታው ተጀመረ። አራት አራት ፋይል በአንድ ጊዜ እንዲሠራ ባዘው የላፕቶፑ ሚሞሪ አልበቃ ብሎ ቆመ፤ አንድ በአንድ አደረግነው። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷልና አብሮ ጠፋ። መብራት ሲመጣ ከዜሮ የምንጀምር መስሎኝ ነበር፤ ማሽኑ ግን የተሠራውን ትቶ ካልተሠራው ቀጠለ። መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ፋይሎች ሲገጣጠሙ፣ አንዱ እንቢ አለ። መብራት የጠፋ ጊዜ ሲጻፍ የነበረው ፋይል ነው፤ ተቆርጦ ቀርቷል። አጠፋነውና እሱን ብቻ ደግመን ሠራን። በሙያዬም ያው ነው፤ የተቃጠለውን ትለውጣለህ እንጂ ሬዲዮውን አትጥልም።

ሌሊት አምስት ሰዓት ገደማ ተነሣ። ከፒኤስፒዋ ሚሞሪ የጨዋታውን ግልባጭና ወንድሜ የተወውን ማስቀመጫ ማኅደር አመጣን። ተቀበለው። የወንድሜ ቡድን ከዓመታት በፊት በቆመበት ቆሞ ይጠብቀናል። ልጄ የተጫዋቾቹን ስም ሲያነብ ድንገት ዝም አለ። በረኛው በላቲን ፊደል የተጻፈ የአባታችንን ስም ይዟል።

ያኔ ትዝ አለኝ። ወንድሜ ተጫዋቹን ሲፈጥር አጠገቡ ነበርኩ። «አባባ ከወንበሩ ንቅንቅ ስለማይል በረኛ ይሁን» ብሎ አባባን ራሱን አስቆታል።

ስክሪኑን ፎቶ አንሥቼ ምንም ሳልጽፍ ላክሁለት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደወለ።

«ጋሼ፣ ሞታ አልነበረም እንዴ?»

«እሷማ ሞታለች። አደራህ ግን ተርፏል።»

በሳምንቱ ማክ ኮምፒዩተሩ ላይ ሊሠራው ተነሣ፤ ያለቀውን አውርድ ብለው «ያንተ ወንድም አይደለሁ?» አለኝ። እንደፈራሁት ተያዘ። የስሕተቱን መዓት በስልክ ያነብልኝ ጀመር። «ከታች አትጀምር፤ ወደ ላይ ውጣና የመጀመሪያውን አንብብልኝ» አልኩት።

ይህን ብዬ እኔው ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። የእኛ የመጀመሪያው የቱ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። «ያን ቀን የተናገርኩት ቃል ስሕተት ነበር» አልኩት። ቆይቶ፣ ወረቀቱ ገና ስላላለቀ ከአሜሪካ ቢወጣ መመለስ እንደማይችል ነገረኝ። በቀብሩ ሰዓት መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ብቻውን እንዳለቀሰም ነገረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅሁት ይህንን ነው።

ከዚያ የማኩን የመጀመሪያ ስሕተት አነበበልኝ። ያው የእኛው ነው፤ ባዶ ማኅደር።

አሁን አባባ አዲስ አበባ በላፕቶፕና በስልክ፣ አሜሪካ ደግሞ በማክ ላይ ጎል ይጠብቃል። ልጄና አጎቱ በየተራ እየተጫወቱ ውጤታቸውን ይላላካሉ። ብዙ ጎል ገብቶበታል፤ እሱ ግን ዛሬም ንቅንቅ አይልም።